ሮም በትራንዚት፦ ከአክሱም ሐውልት ቦታ እስከ አበበ ቢቂላ መድረሻ

በሮም ዋና ባቡር ጣቢያ በቴርሚኒ ደጃፍ ያለው ሰፊ አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። ከጠዋት እስከ ማታ ሻንጣ የሚጎትት ሰው ይተራመስበታል። አውቶቡሶች እየዞሩ ይወጣሉ፣ ታክሲዎች ተሰልፈው ተራ ይጠብቃሉ፣ ጎብኚው ስልኩ ላይ አቀርቅሮ የኮሎሲየምን አቅጣጫ ይፈልጋል። አምስት መቶዎቹ እነማን እንደሆኑ ቆም ብሎ የሚጠይቅ አላየሁም። ጥር 1879 ዓ.ም. ሰሓጢ ያለውን ምሽግ ሊያጠናክሩ ሲገሰግሱ ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የተደመሰሱት የኮሎኔል ቶማሶ ዴ ክሪስቶፎሪስ ወታደሮች ናቸው።

እንግዲህ ከባቡር ወርዶ ሮምን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚረግጥ ኢትዮጵያዊ፣ ኮሎሲየምን ሳያይ፣ ትሬቪ ፏፏቴ ጋ ሳይደርስ፣ ገና በጣቢያው ደጅ ከራሱ ታሪክ ጋር ይገናኛል። በሁለት በረራዎች መካከል ጥቂት ሰዓት ያገኘ መንገደኛ ሮምን ሁሉ አያለሁ ብሎ ሲሮጥ ምንም ሳያይ ይመለሳል። ለዚህ ዓይነቱ መንገደኛ የምመክረው አንድ ፈለግ መርጦ እሱን ብቻ መከተልን ነው። ለእኛ ደግሞ ሮም ውስጥ የተዘጋጀ ፈለግ አለ። ከዶጋሊ መታሰቢያ ይነሳል፣ የአክሱም ሐውልት ቆሞበት በነበረው ቦታ ያልፋል፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ የሮጠበትን መንገድ ይዞ ኮሎሲየም ይደርሳል። ከከተማይቱ ስመ ጥር ቅርሶች አንዳንዶቹም በዚህ መስመር ግራና ቀኝ ያሉ ናቸው።

መጀመሪያ ግን ከአውሮፕላን ማረፊያው መውጣት አለ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሸንገን አገሮች ከአንድ ዓለም አቀፍ በረራ ወደ ሌላው ለማለፍ ብቻ እንኳ የትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቅባቸው ጥቂት አገሮች ዜጎች አንዱ ነው። የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ከዚህ ነፃ ይሆናል፤ ነፃነቱ ግን ከማረፊያው ቅጥር ግቢ አያልፍም። በር ወጥቶ ከተማ ለመግባት የሸንገን የጉብኝት ቪዛ የግድ ነው። ግሪን ካርድ ይበቃኛል ብሎ የተማመነ መንገደኛ ኢሚግሬሽን መስኮት ላይ ተመልሶ ሙሉ ቀን ወንበር ላይ ሲያሳልፍ ማየት ያሳዝናል። የአሜሪካ ዜግነት ያለው ወገናችን ያለ ቪዛ ይገባል። ከጥቅምት 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ግን የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ያልሆነ ጎብኚ ሁሉ ሲገባና ሲወጣ በአሻራና በፎቶግራፍ መመዝገብ ስለጀመረ፣ ለሰልፉ ተጨማሪ ጊዜ መያዝ ብልህነት ነው።

ሰዓቱን እንቁጠረው። አሥር ሰዓት ትራንዚት ያለው ሰው አሥር ሰዓት ጉብኝት የለውም። ለመውጫና ለፓስፖርት አንድ ሰዓት ይሄዳል። ከተማዋ ከፊዩሚቺኖ ወደ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ የትም ሳይቆም ቴርሚኒ የሚገባው «ሌዎናርዶ ኤክስፕረስ» ባቡር 32 ደቂቃ ይፈጃል፣ ዋጋው 14 ዩሮ ነው። ረከስ ያለው ሌላው ባቡር በትራስቴቬሬ በኩል ስለሚያልፍ ቴርሚኒ አይደርስም፤ ሳያውቅ የተሳፈረበት ሰው ሌላ መንገድ ፍለጋ ሰዓቱን ያጠፋል። ለሚቀጥለው በረራ ሦስት ሰዓት ቀድሞ መመለስ ያስፈልጋል። ተደምሮ ተቀንሶ በእጅ የሚቀረው አምስት ሰዓት ቢሆን ነው፤ አምስት ሰዓት ደግሞ ለዚህ መንገድ ይበቃል። ሻንጣ ጣቢያው ውስጥ ማስቀመጫ አለው። የሮም ጎዳና ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈበት ስለሆነ ጎማ ያለው ሻንጣ ይዞ መዞር ለሰውም ለሻንጣም መከራ ነው።

ከቴርሚኒ ሳይርቅ፣ የዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ ቤት ፍርስራሽ አጠገብ፣ ዛፍ ያጠላበት ትንሽ የአትክልት ቦታ አለ። የዶጋሊ መታሰቢያ ዛሬ የሚገኘው እዚያ ነው። በመጀመሪያ ቆሞ የነበረው ጣቢያው ፊት ለፊት ሲሆን በ1920ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን) ወደዚህ ጥግ ተዛወረ። ቀና ብሎ ያየው ሰው ግር ይለዋል፤ የጣሊያን ወታደሮች መታሰቢያ ላይ የተቀረጸው የግብፅ ጽሑፍ ነው። ድንጋዩ የፈርዖን ዳግማዊ ራምሴስ ሐውልት ነው። ከሄልዮፖሊስ ወደ ሮም የመጣው በጥንቱ ዘመን ነው፤ ከዚያ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ኖረና እ.ኤ.አ. በ1883 ተቆፍሮ ወጣ። ከአራት ዓመት በኋላ የዶጋሊ ወሬ ሮም ሲደርስ ለመታሰቢያነት ተሰጠ። አናቱ ላይ የጣሊያንን ኮከብ ደፉለት፤ ከሥሩ የሟቾቹን ስም ዝርዝር በነሐስ አደረጉ።

ስሞቹን ቀርቤ አንብቤአቸዋለሁ። ነሐሱ ጠቁሯል፤ ከየፊደሉ ሥር ዝናብ ያወረደው አረንጓዴ ዝገት ድንጋዩን እያቀለመ ወርዷል። አብዛኞቹ ያለ ፈቃዳቸው ከየመንደራቸው ተለቅመው የተላኩ የድኻ ልጆች ነበሩ። ለእነሱ ማዘን ይቻላል፤ አዝኛለሁም። ነገር ግን በሌላው ወገን የወደቁት የራስ አሉላ ሰዎች ስማቸው የተጻፈበት ነሐስ የትም አላየሁም።

በዚህ ቦታ ላይ ሌላም ታሪክ ተደርቧል። ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል በ1923 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የቆመውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ፋሺስቶቹ ነቅለው አምጥተው የተከሉት ከዚሁ መታሰቢያ ሥር ነበር። ሰኔ 1930 ዓ.ም. ኤርትራዊው ዘርዓይ ድረስ ወደዚህ ቦታ መጣ። ሮም የገባው በግዞት ለተወሰዱት የኢትዮጵያ መኳንንት አስተርጓሚ ሆኖ ነው። ተንበረከከ፤ ሰዎች ተሰብስበው ሊያስነሱት ሲሞክሩ ጎራዴውን መዘዘ። በአገራችን ሲነገር የኖረው ታሪክ ብዙ ጠላት እንደገደለ ነው፤ የጣሊያን መዛግብት የሚናገሩት ማቁሰሉን ነው። ተኩሰው መትተው ያዙት፤ አእምሮው ታውኳል ብለው ሲሲሊ ውስጥ በአእምሮ ሕሙማን እስር ቤት ዘጉበት፤ እዚያው እንደተዘጋበት በ1937 ዓ.ም. ሞተ። የገደለው ቁጥር ስንትም ይሁን ስንት፣ አንድ ወጣት ብቻውን በፋሺስት ከተማ መካከል ያደረገው ነገር አያንስም። አንበሳው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተመልሶ ዛሬ አዲስ አበባ ለገሃር ቆሟል። ሮም ላይ ግን ይህ ሁሉ እዚህ መፈጸሙን የሚያውቀው አውቆ የመጣ ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ኮሎሲየም በቀጥታ አትሂዱ። ቴርሚኒ ተመልሳችሁ ሜትሮ «ቢ»ን ያዙና ሦስተኛው ፌርማታ ላይ፣ ቺርኮ ማሲሞ፣ ውረዱ። ከመሬት በታች ስትወጡ ፊት ለፊት የሚያጋጥማችሁ ነጭ ግዙፍ ሕንፃ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ የፋኦ፣ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1951 ገባበት እንጂ ሕንፃው ሲታቀድ የታሰበው ለጣሊያን አፍሪካ ሚኒስቴር፣ ኢትዮጵያን ጭምር ሊያስተዳድር ለነበረው መሥሪያ ቤት ነው። የአክሱምን ሐውልት ከፊቱ ለማቆም የመረጡትም ለዚህ ነበር።

ቦታውን በስም ባውቀውም ሐውልቱ የቆመበትን ትክክለኛ ስፍራ ለማግኘት ተቸግሬ ሳለ፣ ነጠላ ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉ እናት ከሜትሮው ደረጃ ሲወጡ አየሁ።

«እማማ፣ ይቅርታ፤ የአክሱም ሐውልት የነበረው በየት በኩል ነው?»

«ና ልጄ፣ ላሳይህ» አሉና መብራት እስኪይዝ ጠብቀው ክንዴን ይዘው አሻገሩኝ። ሰው ቤት ሲሠሩ ነው ሮም ያረጁት። «እዚህ ጋ ነበረ። የመጣሁ ሰሞን እሑድ እሑድ ከሰዓት እረፍት አለን አይደል፣ አገር ልጅ የሚገናኘው ከሥሩ ነበር። ተገናኝተን፣ አልቅሰን፣ ስቀን እንለያያለን። ሲነቅሉት ጊዜ መጥቼ አይቻለሁ።»

«ምን ተሰማዎት?»

«ደስ አለኛ! ወደ አገሩ አይደል የሚሄደው። እኔ እዚሁ ቀረሁ እንጂ።»

አመስግኜ ተለየኋቸው። ያሳዩኝ ቦታ ዛሬ መኪና የሚዞርበት፣ ሣር የበቀለበት ደሴት ነው። በአቅራቢያው ሁለት የጥንት ሮማውያን ዓምዶች ቆመዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በኒውዮርኩ የመስከረም 11 ጥቃት ለሞቱት መታሰቢያ የተደረጉ ናቸው። ስለ አክሱም የሚያወራ ጎልቶ የሚታይ ነገር ፈልጌ አላገኘሁም።

ሐውልቱ 24 ሜትር ቁመትና ወደ 160 ቶን ክብደት አለው፤ ዕድሜው ከአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይጀምራል። ጣሊያኖች ሲያገኙት ወድቆ ተሰባብሮ ነበር። ስብርባሪውን በመኪና እየጎተቱ ምጽዋ አደረሱት፤ ከዚያ በመርከብ ኔፕልስ፣ ከኔፕልስ ሮም ገባ። ጥቅምት 1930 ዓ.ም.፣ ፋሺስቶች ሥልጣን የያዙበት አሥራ አምስተኛ ዓመት ሲከበር፣ ተገጣጥሞ ቆመ። ጦርነቱ አልቆ በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል አንቀጽ 37 መሠረት ጣሊያን ከወረራው ወዲህ ከኢትዮጵያ የወሰደችውን የጥበብ ሥራና ቅርስ ሁሉ በ18 ወራት ውስጥ ልትመልስ ግዴታ ገባች። አሥራ ስምንቱ ወራት ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኑ። በ1948 ዓ.ም. ሌላ ስምምነት ተፈረመ፤ በ1989 ዓ.ም. እንደገና ሌላ። ግንቦት 1994 ዓ.ም. ሐውልቱን መብረቅ መታው፤ ጫፉ ተጎዳ። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የተንቀሳቀሰው። በ1996 ዓ.ም. ሦስት ላይ ተከፍሎ ወረደ፤ ሚያዝያ 1997 ዓ.ም. በግዙፉ አንቶኖቭ 124 የጭነት አውሮፕላን በሦስት በረራ አክሱም ገባ። ነሐሴ 2000 ዓ.ም. በቀድሞ ሥፍራው ቆሞ ተመረቀ።

ይህን ባዶ ቦታ ከኮሎሲየም አስቀድማችሁ እዩት የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሮም የምርኮ ሐውልት የምትወድ ከተማ ናት። ከአውግስጦስ ቄሣር ዘመን ጀምሮ ከግብፅ እየጫነች ያመጣቻቸው ሐውልቶች ዛሬም በየአደባባዩ ቆመዋል፤ ከጥንት የቀሩት ሐውልቶች፣ ሮማውያን ራሳቸው በግብፅ አምሳል ያሠሯቸውን ጨምሮ፣ አሥራ ሦስት ናቸው። ቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ መካከል ያለውን ካሊጉላ አመጣው፤ እ.ኤ.አ. በ1586 አሁን ወዳለበት ሲዛወር 900 ያህል ሰው ደክሞበታል። እነዚህ ሁሉ ቀርተዋል። ከእንዲህ ያሉት ረጃጅም ድንጋዮች ከባሕር ማዶ ተወስዶ ሮም ከቆመ በኋላ ወደ ወጣበት ምድር የተመለሰው ግን የአክሱሙ ነው።

ከዚሁ ሳይርቅ፣ በስተ ግራ የተንጣለለው ረጅም ሜዳ ቺርኮ ማሲሞ ነው፤ ሮማውያን በሠረገላ የሚሽቀዳደሙበት፣ ርዝመቱ ስድስት መቶ ሜትር የሚጠጋ። ዛሬ ውሻ የሚያንሸራሽሩ ሰዎችና ሯጮች ይታዩበታል። እ.ኤ.አ. በ357 ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ቆንስታንቲዮስ ከካርናክ የመጣ ትልቅ ሐውልት እዚህ አቆመ፤ ዛሬ ላተራን ባሲሊካ ፊት ለፊት ያለው፣ ከቆሙት የግብፅ ሐውልቶች ሁሉ የሚበልጠው፣ 32 ሜትር የሚረዝመው እሱ ነው። ይኸው ንጉሥ በዚያው ሰሞን ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፏል። ፍሬምናጦስን፣ እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለውን ጳጳስ፣ ሃይማኖቱ እንዲመረመር ወደ እስክንድርያ መልሳችሁ ላኩልኝ የሚል ነበር። አክሱም አልላከችም። ለደብዳቤ የማይታዘዝ መንግሥት የነበራት አገር፣ በኢዛና ዘመን አካባቢ የቀረጸችው ድንጋይ ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ምርኮ ሆኖ እዚሁ ሜዳ ጫፍ ቆመ። ሜዳውን እያየሁ ይህንን ሳስብ ብዙ ቆየሁ።

አሁን ጀርባችሁን ለፋኦ ሰጥታችሁ ወደ ሰሜን ዙሩ። ከፊታችሁ ያለው ቀጥ ያለ፣ በዛፍ የታጠረ ጎዳና ቪያ ዲ ሳን ግሬጎርዮ ነው። ሙሶሊኒ «የድል ጎዳና» ብሎ ሰይሞት ነበር። ግማሽ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ጫፉ ላይ የቆስጠንጢኖስ ቅስት ይታያል፤ ከቅስቱ በስተኋላ ኮሎሲየም። ይህን መንገድ በእግራችሁ ሂዱ።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ የሮም ኦሊምፒክ ማራቶን እዚህ ተጠናቀቀ። ውድድሩ የተጀመረው ከካፒቶሊዮ ኮረብታ ሥር ከሰዓት በኋላ ሲሆን፣ የጥንቱን አፒያ መንገድ ሲመለሱበት ጨልሞ ነበር፤ ወታደሮች ችቦ ይዘው ግራና ቀኝ ቆመው ያበሩ ነበር። የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላና ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው መጡ። አበበ ከአሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር መንገዱን አስቀድሞ አጥንቶታል፤ የት ላይ እንደሚያፈተልክም ወስኗል። የመረጠው ምልክት የአክሱም ሐውልት ነበር። ሐውልቱ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ጨመረ፤ ራዲ ሊከተለው አልቻለም። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲሆን፣ በዘመኑ የማይታሰብ ሰዓት፣ ብቻውን ከቅስቱ ሥር ገባ። ራዲ የደረሰው 25 ሰከንድ ዘግይቶ ነው።

አሸንፎ ብቻ ቢሆን ታሪኩ የስፖርት ይሆን ነበር። ነገር ግን የትኛውን ድንጋይ ምልክት እንዳደረገ እዩት። ወራሪው የዘረፈው፣ እመልሳለሁ ብሎ ፈርሞ ያልመለሰው ሐውልት በቆመበት፣ «የድል ጎዳና» ተብሎ በተሰየመ መንገድ ላይ፣ ከወረራው 25 ዓመት በኋላ፣ አንድ የጃቶ ልጅ በባዶ እግሩ ቀድሞ ገባ። አፍሪካ ነፃነቷን እየተቀበለች በነበረችበት በዚያ ዓመት የጥቁር አፍሪካውያን የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ የተገኘው እዚህ ነው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በሮም ማራቶን፣ ኢትዮጵያዊው ሯጭ ሲራጅ ገና ሊያሸንፍ ጥቂት መቶ ሜትር ሲቀረው ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ገብቶ አበበን አስታውሷል። እኔ መንገዱን የሄድኩት ቀስ ብዬ ነው። በስተ ግራ የፓላቲን ኮረብታ ቀይ ጡብ ግድግዳ፣ በስተ ቀኝ የቼሊዮ ኮረብታ ዛፎች፤ እግረኛው ጥቂት ነው። መንገዱ ወደ ቅስቱ ሲቀርብ የሚሰማው የጎብኚ ጫጫታ ይጨምራል።

የቆስጠንጢኖስ ቅስት የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ315 ነው። ከእኛ ሐውልት ጋር የአንድ ክፍለ ዘመን ልጆች ናቸው፤ ስልሳ ስድስት ዓመት ያህል በአንድ ጎዳና ሁለት ጫፍ ላይ ፊት ለፊት ሲተያዩ ኖሩ።

ስለ ኮሎሲየም የሚነገረው ብዙ ስለሆነ አላበዛውም። ቬስፓስያን አስጀመረው፣ ልጁ ቲቶ በ80 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) መረቀው፤ ሃምሳ ሺህ ሰው እንደሚይዝ ይገመታል። ለትራንዚት መንገደኛ ዋናው ነገር ትኬት ነው። በሰዓት የተወሰነና በስም የሚቆረጥ በመሆኑ ከቀናት በፊት በኢንተርኔት መያዝ ይሻላል፤ በር ላይ ፓስፖርት ይታያል። አውሮፕላን የዘገየበት ሰው ትኬቱ ይቃጠልበታልና፣ ሰዓቱ ለማይታመን መንገደኛ ከውጭ ዙሪያውን መዞር ይበቃል የሚል አሳብ አለኝ። ግዝፈቱ የሚታወቀው ከውጭ ነው። በደቡብ በኩል ውጫዊው ግድግዳ ፈርሶ ውስጡ ይታያል፤ የወደቀውን ድንጋይ ሮማውያን ለቤተ መንግሥትና ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ለዘመናት ሲያጓጉዙት ኖረዋል።

ትኬት ያለው ግን ወደ ሮማውያን ፎረም ሲገባ የቲቶን ቅስት ሳያይ አይለፍ። ከቅስቱ ውስጠኛ ግድግዳ በአንደኛው ላይ የሮም ወታደሮች ከኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የዘረፉትን ባለ ሰባት ቅርንጫፍ መቅረዝ ተሸክመው ሲያልፉ ተቀርጿል። ፊታቸው በዘመን ብዛት ተሸርሽሯል፤ መቅረዙ ግን ቅርንጫፉን መቁጠር እስኪቻል ድረስ ጥርት ብሎ ይታያል። ምርኮን ተሸክሞ በአደባባይ ማሳለፍ የዚህች ከተማ ልማድ የቆየ መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ድንጋይ የለም። ሙሶሊኒ የይሁዳን አንበሳና የኢዛናን ዘመን ሐውልት ሲያስጭን የሚቀዳው ከዚህ ነበር።

ከኮሎሲየም ወደ ፒያሳ ቬኔትሲያ የሚወስደው ሰፊ ጎዳና በሙሶሊኒ ትእዛዝ የሰው ቤት ፈርሶ፣ የጥንቱ ፎረም ተሸፍኖ እ.ኤ.አ. በ1932 የተከፈተ ነው። እሑድ ለመኪና ዝግ ስለሚሆን ያን ቀን ለእግረኛ የተመቸ ነው። በጎዳናው አጋማሽ በማክሴንትዮስ ባሲሊካ ግንብ ላይ በእብነ በረድ የተሠሩ አራት ትልልቅ ካርታዎች ተለጥፈዋል፤ የሮም ግዛት ከትንሽ መንደር ተነስቶ እንዴት እንደሰፋ ያሳያሉ። ጎብኚው ፎቶ አንስቷቸው ያልፋል። አምስተኛ ካርታ ግን ነበራቸው። ኢትዮጵያ ከተያዘች በኋላ በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ የተጨመረው፣ አገራችንን ከጣሊያን ጋር በአንድ ቀለም የቀባው ካርታ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ነቅለው አወረዱት። አራቱን ቆጥራችሁ አምስተኛው የነበረበትን ባዶ ግንብ እዩ።

ጎዳናው የሚያልቀው ፒያሳ ቬኔትሲያ ነው። በስተ ግራችሁ ነጩ የቪቶሪዮ ኤማኑኤሌ ግዙፍ ሐውልት ሲቆም፣ ከአደባባዩ ማዶ ያለው ቡናማ ቤተ መንግሥት መካከሉ ላይ አንዲት ሰገነት አለችው። ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ግዛቱ ማድረጉን ለሕዝብ ያወጀው ከዚያች ሰገነት ላይ ነው። ሕዝቡ አደባባዩን ሞልቶ ያጨበጭብ ነበር። በዚያው ሰዓት የአገራችን አርበኞች በየጫካው ነበሩ፤ አምስት ዓመት ሳይሞላ አዋጁ ፈረሰ። ሰገነቷ ትንሽ ናት፤ ከፎቶግራፍ የሚያውቃት ሰው ሲያያት ማነሷ ይገርመዋል።

ጊዜ ከተረፈ ፓንቴዮን ከዚህ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። አድሪያን ቄሣር ያሠራው ጉልላት 43 ሜትር ስፋት አለው፤ ብረት ያልገባበት ኮንክሪት ሆኖ ይህን ያህል የሚሰፋ ሌላ ጉልላት እስከ ዛሬ በዓለም የለም። አናቱ ክፍት ነው፤ ፀሐይም ዝናብም በዚያ ይገባል። ትሬቪ ፏፏቴም ቅርብ ነው፤ ሕዝቡ ግን ማለፊያ አይሰጥም፤ እኔ ብሆን ያንን ሰዓት ቴርሚኒ አካባቢ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ቁጭ ብዬ ባሳልፈው እመርጣለሁ። እዚያ ሰፈር ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በየጣሊያን ቤት ሲሠሩ የኖሩ እናቶችና በሊቢያ በረሃና ባሕር ያለፉ ወጣቶች በአንድ ጠረጴዛ ይበላሉ። በ2009 ዓ.ም. ነሐሴ እዚያው ጣቢያው አጠገብ ከሚኖሩበት ሕንፃ ፖሊስ አስወጥቶ በውኃ መርጫ የበተናቸው ስደተኞች አብዛኞቹ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ሮምን የሚጎበኝ ሰው ይህንንም ማወቅ አለበት ብዬ አምናለሁ።

በአምስት ሰዓት የማይዳረስ አንድ ቦታ ይቀራል፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ፣ ቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ «የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ» የሚባል ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስተስ አራተኛ በአሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት ሰጡት። ከኢየሩሳሌም ወደ ሮም የሚዘልቁ መነኮሳት የሚያርፉበት ገዳም ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1513 በግዕዝ የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ የተዘጋጀው ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ሮም ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ፊደል ተምሮ ነው። በግራኝ ጦርነት ዘመን ከደብረ ሊባኖስ የመጣው አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና በ1549 (እ.ኤ.አ.) ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተመ፤ አታሚዎቹ ቋንቋውን ስለማያውቁ ለገባው ስህተት አንባቢን ይቅርታ ጠይቋል። የተቀበረው በዚያው ቤተ ክርስቲያን ነው። ኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ እና ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ የተገናኙትም በ1649 (እ.ኤ.አ.) እዚያ ገዳም ነበር፤ ከዚያ ትውውቅ በአውሮፓ የመጀመሪያው የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፍ በ1698 ተወለደ።

ሙሶሊኒ ሐውልት ከማስጫኑ ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ኢትዮጵያውያን በዚህች ከተማ መጽሐፍ ያሳትሙ፣ አውሮፓውያንን ያስተምሩ ነበር። ስለዚህ ሌላ ጊዜ ስትመጡ ትራንዚቱን አስረዝማችሁ አንድ ሌሊት እደሩ። ቤተ ክርስቲያኑ ያለበትን የቫቲካን አትክልት ስፍራ በአስጎብኚ እንጂ ብቻውን መግባት ስለማይቻል፣ ቦታ ቀደም ብሎ በቫቲካን ሙዚየሞች በኩል ይያዛል። ካልሆነ ወደ ባሲሊካው ጉልላት ውጡ፤ ግማሹን በሊፍት ሄዳችሁ የቀረው 320 ደረጃ በእግር ነው። ላይ ስትደርሱ ሁሉም ሰው የሚሻማው አደባባዩ ወዳለበት ወደ ምሥራቅ ነው፤ እናንተ ወደ ምዕራብ ዙሩ። አትክልቱ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1930 የተሠራው የኢትዮጵያ ኮሌጅ ሕንፃ ይታያችኋል።